አምስት ቢሊዮን ጥያቄ

ሁለት ቁጥር ተቀብላ ድምራቸውን የምትመልስ ፈንክሽን በኢንቴል ዓይነት 64 ቢት ፕሮሰሰር ላይ 4 ባይት ይበቃታል፤ ሦስቱ ለመደመር፣ አንዱ ለመመለስ። ይህችን ፈንክሽን ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ ጂት ኮምፓይለር የወለዳት ከሆነ ግን ጂዲቢ የተባለው ዲበገር በራሱ ሊያውቃት አይችልም። ዲስክ ላይ በተቀመጠ ፋይል ውስጥ የለችማ! ስሟንና አድራሻዋን የሚነግረው ያስፈልገዋል።

ከ2009 ጀምሮ፣ ማለትም ከጂዲቢ 7.0 ወዲህ፣ የሚነገረው እንዲህ ነው። ኮምፓይለሩ ለአዲሱ ኮድ ኤልፍ የሚባለውን የፋይል ዓይነት ሜሞሪ ላይ ያዘጋጃል፤ ቀድሞ ከተመዘገቡት ጋር በሰንሰለት ያያይዘዋል፤ ከዚያም ምንም ሥራ የሌላትን አንዲት ባዶ ፈንክሽን ይጠራል። ጂዲቢ እዚያች ባዶ ፈንክሽን ላይ ብሬክፖይንት ተክሎ ይጠብቃል። የኤልፍ ራስጌ ብቻውን 64 ባይት ነው፤ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ክፍልም የየራሱ 64 ባይት መግለጫ አለው። አምስት ክፍል ቢኖረው 384 ባይት ሆነ፤ ያውም ስምና የመስመር ቁጥር ሳይገባበት። ማሸጊያው የዕቃውን 96 እጥፍ ያህላል።

ይህ ግን የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ባይት ርካሽ ነው። ውዱ መቆም ነው። ብሬክፖይንቱ በተነካ ቁጥር ፕሮግራሙ ቀጥ ይላል፤ ጂዲቢ አዲሱን ኤልፍ ያነባል፤ ከዚያ ብሬክፖይንቱን ለማሻገር አንድ ትእዛዝ ብቻ አስኪዶ ዳግመኛ ያቆመዋል። ለአንድ ፈንክሽን ሁለት ጊዜ መሆኑ ነው። 100,000 ፈንክሽን አንድ በአንድ የሚያስመዘግብ ፕሮግራም 200,000 ጊዜ ይቆማል፤ ፕሮግራመሩ ገና የሚፈልገውን ስህተት ጫፉን እንኳ ሳያይ።

ዋናው ጉድ የሚመጣው በእያንዳንዱ መቆም መካከል ነው። አዲስ ኮድ ሲገባ ጂዲቢ ብሬክፖይንቶቹን ይከልሳል፤ በስም የተተከለው ብሬክፖይንት አዲሱን ኮድም ይመለከት እንደሆነ ማወቅ አለበትና። ጥያቄው ለአዲሱ ብቻ ቢቀርብ ደግ ነበር። የሚቀርበው ግን ቀድሞ ለተመዘገቡትም ሁሉ ሲሆን፣ የእድር ጸሐፊ አዲስ አባል በገባ ቁጥር መዝገቡን ከመጀመሪያው ስም አንስቶ እንደሚያነበው ዓይነት ይሆናል።

ለአንዱ ጥያቄ አንድ ማይክሮሰከንድ እንስጥ፤ ለሒሳቡ እንዲመች እንጂ ተለክቶ አይደለም። 1,000 ፈንክሽን ሲመዘገብ ጥያቄው 500,500 ይደርሳል፤ ግማሽ ሰከንድ ነው፣ ማንም አያስተውለውም። በ10,000 ወደ 50 ሚሊዮን ያድጋል፤ 50 ሰከንድ። በ100,000 ከ5 ቢሊዮን ይዘልና 83 ደቂቃ ይፈጃል። ሚሊዮን ቢሆን ስድስት ቀን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ፈንክሽኑ በአሥር ሲባዛ ጊዜው በመቶ ይባዛል። ይህ ሁሉ ለአንድ ብሬክፖይንት ነው፤ አሥር የተከለ ሰው 83 ደቂቃው ወደ 14 ሰዓት ይሆንበታል።

በአንጻሩ ጂዲቢ አንድ አድራሻ የየትኛው ፈንክሽን እንደሆነ ለማወቅ፣ የአድራሻ ሰንጠረዡ በቅደም ተከተል ከተደረደረ፣ ከ100,000 መካከል ለማግኘት 17 እርምጃ ይበቃል። 100,000 ጊዜ ቢፈለግ እንኳ 1.7 ሚሊዮን እርምጃ ብቻ ነው። አዲስ በገባ ቁጥር ሰንጠረዡን ከስር እንደ አዲስ የሚደረድረው ከሆነ ግን ይህ ትርፍ ተመልሶ ይበላል። አዲሱን በቦታው ማስገባት፣ ጥያቄውንም ለአዲሱ ብቻ ማቅረብ ነው ያለበት። መፍትሔው ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ ጊዜው ይህን ያህል መብዛቱ ነው እኔን የሚገርመኝ።

ከኮምፓይለሩ ወገንም መላ አለ፦ 100 ፈንክሽን በአንድ ኤልፍ ማሰር። ያኔ ምዝገባው 1,000፣ መቆሙ 2,000 ይሆናል፤ ለአንድ ጥቅል አንድ ጥያቄ እስከበቃ ድረስም ጊዜው ወደ ግማሽ ሰከንድ ይመለሳል። ፖስትግሬስኪውኤልን ለመሰለ ዳታቤዝ ይህ ይስማማዋል፤ በ2018 በወጣው ስሪት 11 ጂት የጨመረ፣ በ2019 በስሪት 12 ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው እንዲሠራ ያደረገ ነው፤ ለአንድ መጠይቅ የሚያስፈልጉት ፈንክሽኖችም በአንድነት ይፈለጋሉ። ለጂዲቢ የማስመዝገቡ ቅንብር ግን ዝግ ሆኖ ነው የሚመጣው። ፈንክሽኑን በተፈለገ ሰዓት አንድ በአንድ ለሚወልድ የጃቫስክሪፕት ሞተር ግን ጥቅሉ እስኪሞላ መጠበቅ አይመቸውም፤ ለእሱ ማስተካከያው ከዲበገሩ መምጣት አለበት።