ጥጉ ጭቃ ከሆነ እግረኛው የት ይሂድ?

ዛሬ ስለ ወረታ ዋና መንገድ ነው የምጽፈው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው ሁሉ ከተማችንን ሰንጥቆ ያልፋል። በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልዲያ የሚሄደውም የሚገነጠለው ከእኛ ዘንድ ነው። ተሳቢው በሚከንፍበት በዚሁ አስፋልት ላይ ሩዝ የጫነ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ብስክሌትና ተማሪ ይጋፋሉ።

«እግረኛው ጥጉን አይዝም» ሲባል እሰማለሁ። እስኪ ክረምት ላይ ጥጉን እዩት! የአካባቢያችን የፎገራ አፈር ዋልካ ነው። ዝናቡ መውረጃ ሲያጣ የአስፋልቱ ዳር ጫማ የሚነቅል ጭቃ ይሆናል። ልጅ አዝላ ከገበያ የምትመለስ እናት ጭቃውን ሸሽታ አስፋልት ብትወጣ ምን ይፈረድባታል? ደረቁም ቦታ ቢሆን ሩዝ መፈልፈያው በር ላይ አይሱዙ ቆሞ ሲጭን ዞራ ማለፍ አለባት፤ ዞራ የምትወጣው ደግሞ መኪና በሚበርበት መስመር ነው።

ስለዚህ በእኔ እምነት ወረታ ላይ ከሁሉ የሚቀድመው የውኃ መውረጃ ቦይ ነው። ቦዩ በደንብ ተሠርቶ በኮንክሪት ክዳን ከተሸፈነ፣ ክዳኑ ራሱ የእግረኛ መንገድ ይሆናል። ክዳኑ ለጽዳት የሚነሣ ይሁን እንጂ፤ አለዚያ ደለል ይደፍነውና ውኃው ተመልሶ መንገድ ላይ ይተኛል።

ቀጥሎ ፍጥነት። የመኪና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የምቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና የተገጨ እግረኛ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ በ60 ሲሆን ግን የመትረፍ ዕድሉ እጅግ ይመነምናል። ሰፊና ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ምልክት ብቻ ተክሎ ሹፌር ዝግ ይላል ማለት ዘበት ነው። ትምህርት ቤት አጠገብ ዜብራውን ከፍ አድርጎ መሥራት፣ ከተማ ውስጥ የመኪናውን መስመር ማጥበብ ያስፈልጋል። የአንዱ መስመር ስፋት ከ3 ሜትር ተኩል ወደ 3 ሜትር ቢወርድ በሁለቱ መስመሮች አንድ ሜትር ይገኛል። ይህ ለብስክሌት ትንሽ ቦታ አይደለም።

ወደ ሐሙሲት፣ ወደ አዲስ ዘመን ወይም ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ የሚሄድ ሰውም ሚኒባስ የሚጠብቅበት ከአስፋልቱ የወጣ መቆሚያ ይገባዋል። ለጋሪና ለባጃጅም እንዲሁ።

«ይህ የፈረንጅ አገር ነገር ነው» የሚል ካለ ባሕር ዳር ሄዶ ይመልከት። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል። ስድስት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል፤ እግረኛውና ብስክሌተኛውም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ሲነደፍ ስለታሰበላቸው ነው።

የከተማችን መሐንዲሶችና የቀበሌ ሰዎች ይህን ቻናል እንደምትከታተሉ አውቃለሁ። መንገዱ ለጥገና በሚነካበት ቀን አስፋልቱን ብቻ አድሳችሁ አትመለሱ። ነዋሪዎችም ስብሰባ ስትጠሩ አትቅሩ፤ ሂዱና የቦዩን ነገር ጠይቁ።