ፍሪሃንድ፦ በትከሻ የሚታዘዝ እጅ

አንገቱ ላይ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ነርቭ አካባቢ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ትከሻውን ያነሣል፣ ክንዱንም ያጥፋል፤ ጣቶቹ ግን አይታዘዙለትም። ሹካው ፊቱ ተቀምጦ ሌላ ሰው ያጎርሰዋል።

እንዲህ ያለውን እጅ ሰው “ሞቷል” ይለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አልሞተም። ከምሰሶ የሚመጣው ገመድ ተበጥሶ ቤቱ ጨለመ እንጂ የውስጡ መስመርና አምፖሉ ደህና ናቸው። ከህብለ ሰረሰር ወደ ጣት የሚወርደው ነርቭ በሕይወት ካለ፣ በትንሽ የኤሌክትሪክ ምት ሲቀሰቀስ ጡንቻው ይኮማተራል። ነርቩ ራሱ ከሞተ ግን ነገሩ አይሆንም። ስለዚህ ሐኪሞች አስቀድመው በቆዳ ላይ ኤሌክትሮድ እየለጠፉ የትኛው ጡንቻ እንደሚመልስ ይፈትሻሉ።

በዚህ መንገድ ከተሠሩት መሣሪያዎች ሁሉ ስሙ የገነነው ፍሪሃንድ ነው። የሠሩት በአሜሪካ ክሊቭላንድ፣ በኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሀንተር ፔካምና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው አካል ውስጥ የተቀበረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ከሚቀመጠው ክፍል ስምንት ሽቦዎች በክንድ ውስጥ ለውስጥ ይወርዳሉ። የተቀበረው ክፍል ባትሪ የለውም፤ ኃይሉንም ትዕዛዙንም በላዩ ቆዳ ላይ ከሚለጠፍ ጥቅል ሽቦ በሬዲዮ ሞገድ ይቀበላል።

የሚያስገርመው አሠራሩ ነው። መቆጣጠሪያው የሚለጠፈው በሌላኛው ትከሻ በኩል ነው። ሰውየው ያንን ትከሻ ወደፊትና ወደኋላ ሲያንቀሳቅስ ጣቶቹ በዚያው መጠን ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ለሹካና ለብዕር አውራ ጣት የሌባ ጣትን ጎን ይጫናል፤ ለብርጭቆ ደግሞ ጣቶች ከአውራ ጣት ጋር ፊት ለፊት ይገጥማሉ። ሹካውን ከያዘ በኋላ ትከሻውን ፈጠን አድርጎ ሲነቀንቅ ጭብጡ ይቆለፋል፤ ከዚያ እንደልቡ እየተንቀሳቀሰ ይበላል።

ጉድለትም አለበት። ሰውነታችን ራሱ ሲያዝ የሚጀምረው ቶሎ ከማይደክሙት ቀጫጭን የጡንቻ ክሮች ነው፤ ኤሌክትሪክ ግን ቶሎ የሚዝሉትን ወፍራሞቹን ያስቀድማል፤ ስለዚህ እጅ ፈጥኖ ይደክማል። ጡንቻው ተቀምጦ የሟሸሸ ስለሆነም ለሳምንታት በኤሌክትሪክ ማሠልጠን ያስፈልጋል። ስሜቱ ደግሞ አይመለስም፤ ብርጭቆው መያዙን የሚያውቀው በዓይኑ ነው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፍሪሃንድን በ1997 ፈቀደ። ከ200 በላይ ሰዎች ተቀበሉት። ኒውሮኮንትሮል የተባለው አምራች ግን በ2001 ከዚህ ገበያ ወጣ፤ ገዢው ጥቂት፣ ቀዶ ሕክምናውም ውድ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ መሣሪያው ሠርቷል፣ የከሸፈው ንግዱ ነው። ቴሌቪዥን ሲበላሽ ይጣላል፤ ደረት ውስጥ የተቀበረን ዕቃ ግን መለዋወጫ ሲጠፋበት የት ያደርሱታል?

በታኅሣሥ 2024 ባለሥልጣኑ አርክ ኢኤክስ የተባለ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና አንገት ላይ ተለጥፎ ህብለ ሰረሰርን የሚያነቃቃ መሣሪያ ፈቅዷል። እሱ ግን የሚያገለግለው ህብለ ሰረሰራቸው ሙሉ ለሙሉ ላልተቋረጠባቸው ነው። ለተቋረጠባቸው ደግሞ የክሊቭላንድ ተመራማሪዎች አዲስ፣ በውስጡ ባትሪ ያለውና እንደ ፍላጎት ክፍሎች የሚጨመሩበት መሣሪያ እየሞከሩ ነው። በዚህ ጊዜ ሥራውን የያዘው ለትርፍ ያልተቋቋመ ተቋም ነው።