ወደ ኋላ መመለስ ያቃተው ባንክ

እሑድ ጁን 17 ቀን 2012 (የውጭዎቹን ቀኖች በሙሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ የቴክኖሎጂ ክፍል አንድ ሶፍትዌር ወደ አዲስ ቨርዥን ከፍ አደረገ። ደንበኛ የማያየው፣ በመስኮት የሚያስተናግዱ ሠራተኞችም የማይነኩት ሶፍትዌር ነበር። ማክሰኞ ዕለት ባለሙያዎቹ ማሻሻያው እክል ማስከተሉን ተረዱና አዲሱን ነቅለው ወደ አሮጌው ለመመለስ ወሰኑ። ረቡዕ ጠዋት ደንበኞች ሒሳባቸውን ሲከፍቱ ደመወዝ አልገባም፣ የከፈሉት አልተመዘገበም፣ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቀሪ ሒሳብም የሚታመን አልነበረም።

ችግሩ በሮያል ባንክ፣ በናትዌስትና በአልስተር ባንክ በአንድ ጊዜ ደረሰ። ሦስቱም የአንድ ድርጅት ስለሆኑ የሌሊቱን ሥራ የሚሠራላቸው አንድ የጋራ ማዕከል ነበር። በብሪታንያ ብቻ ከ6.5 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ተጎዱ፤ ይህ ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ አሥረኛውን ያህል ነው። የቤት ብድር ክፍያቸውን በቀኑ መክፈል ያልቻሉ ነበሩ። ለጉዞ ወጥተው በባዕድ አገር ያለ ገንዘብ የቀሩ ነበሩ። ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ መክፈል፣ የኦዲት ሒሳባቸውን መዝጋት ያቃታቸው ድርጅቶችም ነበሩ። የወለድ ስሌቱ ተዛባ፤ ለደንበኞች የተላከው የሒሳብ መግለጫም ስህተት ሆነ። ባንኩ በሚቀጥለው እሑድ ቅርንጫፎቹን ከፍቶ ሠራ።

ማንም ሰብሮ አልገባም። እሳት አልተነሳም፣ መብራት አልጠፋም። ባለሙያዎቹ ሲያደርጉ የነበረው በየትኛውም ትልቅ መሥሪያ ቤት በየጊዜው የሚደረግ ተራ የጥገና ሥራ ነው። ጉዳዩን ከዓመታት በኋላም ማንሳት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ በዚያች ሳምንት የሆነው ነገር ሲስተም ያለው ድርጅት ሁሉ ሊገጥመው ይችላል።

ሶፍትዌሩ ምን እንደሚሠራ ካልታወቀ ጉዳቱ አይገባም። ባንክ ቀን ቀን የሚቀበለውን ክፍያ፣ ደመወዝና ዝውውር ሁሉ ወዲያው ወደ ዋናው መዝገብ አያስገባም። አብዛኛው ተጠራቅሞ ሌሊት ላይ በጅምላ ይሠራል። ይህ የሌሊት ሥራ እጅግ ብዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች ተራ በተራ የሚሮጡበት ነው። የደመወዙ ፋይል ሳይነበብ ቀሪ ሒሳብ አይሰላም፤ ቀሪ ሒሳብ ሳይሰላ ወለድ አይታሰብም፤ ወለዱ ሳይታሰብ መግለጫ አይታተምም። ይህን ተራ የሚያስከብረው ሶፍትዌር ራሱ አንዲት ሳንቲም አይቆጥርም። በድሮው ግብር ላይ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን ከማን በኋላ እንደሚቀመጥ የሚወስነውን አጋፋሪ ይመስላል። አጋፋሪው ተራውን ካሳተ ምግቡ ቢበስልም ግብሩ ይበላሻል። በወቅቱ በስፋት እንደተዘገበው፣ ባንኩ ይጠቀምበት የነበረው የዚህ ዓይነቱ ሶፍትዌር ሲኤ-7 ይባላል።

የእሑዱ ማሻሻያ እክል ማሳየቱ ብቻውን ጥፋት አያደርስም ነበር። ጥፋቱ የተፈጠረው በመመለሱ ነው። የብሪታንያ የፋይናንስ ተቆጣጣሪዎች መርምረው የደረሱበት መደምደሚያ ግልጽ ነው፦ የቴክኖሎጂ ክፍሉ አዲሱን ሶፍትዌር ለመንቀል ሲወስን፣ መንቀሉ ምን እንደሚያስከትል አስቀድሞ አልሞከረም። አዲሱ ቨርዥንና የቀድሞው የማይጣጣሙ ሆነው ተገኙ።

ብዙ የሥራ ኃላፊዎች የማይጠይቁት ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። አንድ ሲስተም ወደ አዲስ ቨርዥን ሲያድግ በሥሩ ያለው መረጃም አብሮ ሊለወጥ ይችላል። አዲሱ ሥራ በጀመረበት ሰዓት የሥራ ተራውን፣ ያለቀውንና የቀረውን በራሱ አኳኋን መጻፍ ይጀምራል። አሮጌውን መልሶ መጫን የአንድ ሰዓት ሥራ ሊሆን ይችላል፤ አሮጌው ግን አዲሱ የጻፈውን ላያነበው ይችላል። እሑድ ወደተነሱበት ቦታ ማክሰኞ ዕለት መመለስ አይቻልም፤ ምክንያቱም በመሃል የሁለት ቀን ሥራ ገብቷል። ስለዚህ መመለስ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዞ ነው፤ የራሱ ዕቅድ፣ የራሱ ሙከራ፣ የራሱ ሰዓት ይፈልጋል። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የማሻሻያ ዕቅድ ውስጥ ግን መመለስ «ችግር ከተፈጠረ ወደ ቀድሞው እንመለሳለን» በሚል አንድ መስመር ይታለፋል። የዚያች መስመር ዋጋ ስንት እንደሆነ የሮያል ባንክ ደንበኞች አይተውታል።

ከዚያ በኋላ የተከተለው ነገር የሌሊት ሥራ ባሕርይ ነው። ረቡዕ ሌሊት የማክሰኞው ገና አላለቀም፤ ሐሙስ ሌሊት የሁለት ቀን ውዝፍ ይጠብቃል። ሰው ብድሩን መክፈሉን፣ ካርዱን መጠቀሙን ስለማያቆም ውዝፉ በየቀኑ ያድጋል። ተራውን የሚያውቀው ሶፍትዌር ስለተዛባ ባለሙያዎቹ የትኛው ሥራ እንዳለቀ፣ የትኛው ከመሃል እንደተቋረጠ እየለዩ መቀጠል ነበረባቸው። አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ማስኬድ የአንድን ሰው ደመወዝ ሁለት ጊዜ ማስገባት ሊሆን ይችላል። በሮያል ባንክና በናትዌስት አብዛኛው ሲስተም እስከ ጁን 26 ድረስ ታውኮ ቆየ።

የአልስተር ባንክ ደንበኞች እስከ ጁላይ 10 ጠበቁ። ይህ የታሪኩ እጅግ የሚያስቆጭ ክፍል ይመስለኛል። ውዝፉ ሲቃለል ተራው የናትዌስት፣ ቀጥሎ የሮያል ባንክ፣ በመጨረሻ የአልስተር ነበር። በአየርላንድ ደሴት የሚኖር ሰው ባንኩ ስለ ሶፍትዌሩም ስለ ተራውም ምንም ሳይወስን፣ ከባሕር ማዶ ያለ ማዕከል ትልልቆቹን እስኪጨርስ ደጅ ጠና። የአየርላንድ ማዕከላዊ ባንክ በኋላ እንዳረጋገጠው 600 ሺህ ያህል ደንበኞች በ28 ቀናት ውስጥ መሠረታዊ የባንክ አገልግሎት ተነፍገዋል። ብዙ ተቋማት በአንድ ማዕከል መገልገላቸው ወጪ ይቀንሳል፤ ግን ችግር በመጣ ቀን ማን ቀድሞ እንደሚነሳ አስቀድሞ በውል ካልተጻፈ ትንሹ መጨረሻ ይሆናል።

በዚያው ሰሞን ጥፋተኛ ፍለጋ ተጀመረ። ባንኩ ሠራተኞችን ቀንሶ የቴክኖሎጂ ሥራውን ወደ ሕንድ ስላዞረ ነው የሚል ክስ በጋዜጦችና በሠራተኛ ማኅበራት በኩል ተሰማ፤ ባንኩ አስተባበለ። ገንዘብ ስለቆጠበ ነው የሚልም ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ ግን በ2014 ሪፖርታቸው ባንኩ ለቴክኖሎጂ መሠረተ ልማቱ በዓመት ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ እንደሚያወጣ፣ አደጋው ከበጀት ማነስ የመጣ እንዳልሆነ ገለጹ። ጥፋቱን ያገኙት ሌላ ቦታ ነው፦ ባንኩ የቴክኖሎጂ አደጋን የሚለይበትና የሚቆጣጠርበት ሥርዓት ደካማ ነበር። ትኩረቱ ከአደጋ በኋላ እንዴት ሥራ እንደሚቀጥል ላይ እንጂ፣ ሲስተሙ ከመነሻው አደጋን እንዲችል አድርጎ በመሥራት ላይ አልነበረም።

በ2013 ዲሴምበር ወር የባንኩ ሲስተም ግብይት በሚበዛበት ቀን እንደገና ሲወድቅ አዲሱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሮስ ማክኢዋን ባንኩ ለአሥርተ ዓመታት በሲስተሞቹ ላይ በሚገባ ሳያፈስ እንደቆየ ተናገሩ። ሁለቱ አባባሎች የሚጋጩ ይመስላሉ። እኔ ግን አብረው እንደሚሄዱ አምናለሁ። በዓመት ቢሊዮን ፓውንድ እየወጣም አሮጌው ነገር እየተጠጋገነ ሊቆይ፣ ልምምድና ሙከራ ደግሞ በጀት ሳያገኙ ሊቀሩ ይችላሉ። ገንዘቡ የት ዋለ የሚለው ጥያቄ ስንት ወጣ ከሚለው ይከብዳል።

በኖቬምበር 2014 የብሪታንያ የፋይናንስ ሥነ ምግባር ባለሥልጣን ባንኩን 42 ሚሊዮን፣ የጥንቃቄ ደንብ ባለሥልጣን 14 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡ። የአየርላንድ ማዕከላዊ ባንክም አልስተርን 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። ለብሪታንያ ደንበኞች የተከፈለው ካሣ ከ70 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። ባንኩ በዚያን ጊዜ በአብዛኛው የመንግሥት ነበር፤ በ2008ቱ ቀውስ ከውድቀት ያተረፈው ግብር ከፋዩ ነው። ስለዚህ ደመወዙ ያልገባለት ሰው የባንኩ ባለቤትም ነበር።

ትምህርቱ በቂ መሆን ነበረበት። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን ቲኤስቢ የተባለው ሌላ የብሪታንያ ባንክ የባሰ ነገር አደረገ። ቲኤስቢ ከሎይድስ ተለይቶ ከወጣ በኋላም በቀድሞ ባለቤቱ ሲስተም ላይ በኪራይ ይሠራ ነበር። በ2015 የስፔኑ ባንክ ሳባዴል ሲገዛው፣ ወደ ራሱ አዲስ ሲስተም እንዲሻገር ተወሰነ። በአፕሪል 2018 በአንድ ቅዳሜና እሑድ የ5.2 ሚሊዮን ደንበኞች መረጃ ተዛወረ። መረጃው በደኅና ደረሰ። መድረኩ ግን ሸክሙን አልቻለም፤ ሰዎች ወደ ሒሳባቸው መግባት አቃታቸው፣ አንዳንዶች የሌላ ሰው ሒሳብ ታያቸው። ሁለት የመረጃ ማዕከሎች እያሉ የሸክም ሙከራው በአንዱ ላይ ብቻ መደረጉ በምርመራው ተገለጠ። የዳይሬክተሮች ቦርዱ ለምን ሁሉንም በአንድ ጊዜ እናዛውራለን፣ ዝግጁ መሆናችንን በምን አወቅን ብሎ በሚገባ አልጠየቀም ተባለ። አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ የተስተካከለው በዲሴምበር ነው። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ፖል ፔስተር ቀደም ብለው በሴፕቴምበር ለቀቁ፤ በ2022 ባንኩ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ፤ በቀጣዩ ዓመት የመረጃ ቴክኖሎጂ ኃላፊው በግላቸው ከ81 ሺህ ፓውንድ በላይ ተቀጡ። ኃላፊን በግል መቅጣት ትክክል ነው ባይ ነኝ፤ ግን ባልጠየቁት የቦርድ አባላት ላይም ሊደርስ ይገባ ነበር።

ይህን ሁሉ የሰማ ኃላፊ «እንግዲያው አንነካካው» ሊል ይችላል። ብዙዎች ይላሉም። ያም የራሱ ዋጋ አለው። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ውስጥ ከ236 ተቋማት ቢያንስ 80 ላይ ጉዳት አድርሷል፤ ቀዶ ሕክምና ተሰርዟል፣ አምቡላንሶች ወደ ሌላ ሆስፒታል እንዲሄዱ ተደርጓል። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማስተካከያ ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነበር። ያልጫኑት ተጠቁ። አምራቹ ድጋፍ ያቆመበት ሶፍትዌር ዛሬ ይሠራል፤ ቀዳዳ በተገኘበት ቀን ግን ደፋኝ የለውም። ማሻሻልም አለማሻሻልም አደጋ አለው። ልዩነቱ ማሻሻልን ቀን መርጦ፣ ተለማምዶ፣ መመለሻውን አዘጋጅቶ ማድረግ መቻሉ ነው። ለዘገየ ሰው ቀኑን የሚመርጥለት ሌላ ነው፤ ብዙ ቨርዥን በዘለለ ቁጥርም የሽግግሩ ርቀት ይሰፋል፣ አሮጌውን የሚያውቁት ባለሙያዎች ጡረታ ይወጣሉ።

ይህ የእኛም ጉዳይ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ክፍተት ደንበኞች፣ ብዙዎቹም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ካላቸው ገንዘብ በላይ ሲያወጡ አደሩ። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ መውጣቱን ባንኩ ገለጸ። የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነም ተነገረ፤ ብሔራዊ ባንክ ክፍተቱ የተፈጠረው በሲስተም ጥገናና ፍተሻ ወቅት መሆኑን አስታወቀ። የሕዝቡ ጭውውት ገንዘቡን ማን ወሰደ፣ ማን መለሰ በሚለው ላይ አተኮረ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ይፋ አደረገ። ለእኔ የሚበልጠው ጥያቄ ከዚያ በፊት ያለው ነው፦ ለውጡ በሥራ ላይ ካለው ሲስተም ውጭ ተሞክሮ ነበር ወይ? ሲበላሽ ወዲያው የሚያስቆምና የሚመልስ ሰው በዚያ ሌሊት ሥልጣን ነበረው ወይ?

የመብራት ክፍያውም፣ የትምህርት ቤት ክፍያውም፣ የታክሲ ሒሳቡም ወደ ስልክ በገባበት በዚህ ዘመን፣ «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ ሰውን ያለ ዳቦ የሚያስቀር ሆኗል። የባንኮቻችን ቦርዶች የማሻሻያ ውል ሲቀርብላቸው ዋጋውንና የሚያልቅበትን ቀን ብቻ ሳይሆን የመመለሻ ሙከራውን ውጤት በጽሑፍ ይጠይቁ። ሙከራው ካልተደረገ አይፈርሙ። ባለሙያው «ገና ነኝ» ሲል ቀኑን የማራዘም ድፍረት ይኑራቸው። ተቆጣጣሪውም ሲስተም በወደቀ ቁጥር መርምሮ ምክንያቱን ለሕዝብ ያውጣ። በ2014 የወጣው የብሪታንያ ተቆጣጣሪዎች ሪፖርት ዛሬም ማንም ሊያነበው ይችላል፤ የአንድ ባንክ ውድቀት ለሌላው ማስጠንቀቂያ የሚሆነው ሲጻፍና ሲታተም ነው።