የአየር ጠባይ መሞቅ፣ ቡናና ጫካው
(ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት)

መግቢያ

ቡና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ማንም ሳይተክለው የሚበቅል ተክል ነው። በከፋ፣ በሸካ፣ በቤንች፣ በኢሉባቦርና በጅማ፣ እንዲሁም በባሌ በሐረና ደን ውስጥ በዋንዛ፣ በብሳና፣ በሰሳና በቀረሮ ጥላ ሥር ይገኛል። ጫካው ለቡናው ቤቱ ነው ማለት ይቻላል። ጥላ ይሰጠዋል፣ ቅጠሉን አራግፎ አፈሩን ያዳብርለታል፣ እርጥበት ይይዝለታል፣ ንቦችንና ተባይ የሚበሉ አእዋፍን ያስጠልልለታል።

ይህ ቤት አሁን በሁለት በኩል ችግር ደርሶበታል። አንደኛው የዛፍ መቆረጥ ሲሆን ሁለተኛው የአየሩ መሞቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ ነገሮች እንዴት እንደሚተጋገዙ ማስረዳትና ማኅበራት በእጃቸው ባለው መሣሪያ ሊያደርጉ የሚችሉትን መጠቆም ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቡና የሚስማማው አየር

የአገራችን ቡና፣ ማለትም አረቢካ፣ የወይና ደጋ ተክል ነው። በደንብ የሚያፈራው የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ቦታ ነው። ሙቀቱ ከዚህ ሲያልፍ ፍሬው ሳይሞላ ፈጥኖ ይቀላል፣ ጣዕሙም ይቀንሳል። ቅዝቃዜው ሲበዛ ደግሞ እድገቱ ይዘገያል፣ ውርጭም ይጎዳዋል።

ገበሬው ሁሉ እንደሚያውቀው ወደ ዳገት ሲወጡ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ወደ ቆላ ሲወርዱ ይሞቃል። በግምት በየ100 ሜትሩ ከፍታ 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። በኢትዮጵያ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ውስጥ 1.3 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። ይህ ጭማሪ በከፍታ ሲተረጐም 200 ሜትር ገደማ ይሆናል። በ1,600 ሜትር ላይ ያለ እርሻ ቀድሞ በ1,400 ሜትር ላይ የነበረውን ሙቀት አገኘ ማለት ነው። እርሻው ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ወደ ቆላ ወረደ ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ተክል ወዴት ይሸሻል?

አየሩ ሲሞቅበት እንስሳ ተነሥቶ ይሄዳል። ተክል ግን የሚሄደው በዘሩ ነው። የጫካ ቡናን ቀይ ፍሬ ዝንጀሮና አእዋፍ በልተው ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥሉታል። ደኑ ከታች እስከ ላይ ሳይቋረጥ የተያያዘ ከሆነ ቡናው በትውልድ ብዛት ቀስ በቀስ ወደ ቀዝቃዛው ቦታ ሊወጣ ይችላል። ደኑ በእርሻና በግጦሽ ተቆራርጦ ከሆነ ግን ዘሩ የሚወድቀው በማይበቅልበት ሜዳ ላይ ነው። ከኮረብታው ጫፍ የደረሰ ተክልም ከዚያ በላይ መሄጃ የለውም።

ስለዚህ ሙቀቱ ብቻውን ሳይሆን ከደን መመንጠር ጋር ሲጣመር ነው ጉዳቱ የሚከፋው። አንዱ ተክሉን ከቤቱ ሲያስወጣው ሌላው መንገዱን ይዘጋበታል። በዓለም ከታወቁት 124 የቡና ዓይነቶች ውስጥ 75ቱ የመጥፋት አደጋ እንደሚያሰጋቸው በ2019 የታተመ ጥናት አመልክቷል። የጫካው አረቢካም ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ነው።

ተባይና በሽታም ቦታ ይለውጣሉ

ቡናው ወደ ላይ ለመውጣት ትውልድ ሲፈጅበት ጠላቶቹ ግን በአንድ ወቅት ይወጣሉ። የቡና ፍሬን የሚሰረስረው ጥቁር ትንሽ ጥንዚዛ ሙቀት ወዳድ ነው። ከ15 ዲግሪ በታች አይራባም። በ2009 የታተመ ምርምር እንደሚያስረዳው በጅማ አካባቢ ከ1984 በፊት ጥንዚዛው በቅዝቃዜው ምክንያት በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ ለመጨረስ አይችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በሙቀቱ መጨመር ከ1 እስከ 2 ትውልድ ሊጨርስ ችሏል።

የቅጠል ዝገትም ይበልጥ የሚያጠቃው ዝቅተኛውንና ሞቃቱን ቦታ ነው። የቡና ፍሬ በሽታ፣ በተለምዶ ሲ.ቢ.ዲ. የሚባለው፣ በአንጻሩ የሚጸናው በከፍተኛ፣ በቀዝቃዛና በርጥብ ቦታ ነው። እንግዲህ ሙቀትን ሸሽቶ ወደ ደጋ የሚወጣ ተካይ ከጥንዚዛው ቢርቅም ሲ.ቢ.ዲ.ን ያገኛል። በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ካልያዘ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ዝናቡና አበባው

የቡና እምቡጥ በበጋው ድርቀት አርፎ ይቆይና የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ያብባል። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ሳይቋረጥ ከቀጠለ ፍሬው ይይዛል። ዝናቡ ያለጊዜው ጥቂት ጥሎ ቢጠፋ አበባው ይረግፋል። ተቆራርጦ ቢመጣ ደግሞ ቡናው ሁለት ሦስት ጊዜ ያብባል። ያን ጊዜ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ፣ ቀይና የደረቀ ፍሬ አብሮ ይታያል። ለቃሚው ደጋግሞ መመላለስ ይኖርበታል፤ ካልሆነም ጥሬው ከበሰለው ተደባልቆ የማኅበሩ ቡና ደረጃ ይወርዳል። በጥላ ሥር ያለ አፈር እርጥበት ስለሚይዝ የዝናቡ መቆራረጥ የሚያስከትለው ጉዳት ይቀላል።

የጫካው ቡና ለምን ይጠበቃል?

ሲ.ቢ.ዲ. ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀው በ1971 ነው። በሽታው በአጭር ጊዜ ብዙ ቡና አብቃይ አካባቢዎችን አዳረሰ። መድኃኒት መርጨት ለአብዛኛው ገበሬ ከአቅም በላይ ነበር። መፍትሔው የተገኘው እዚያው ከአገሩ ቡና መካከል ነው። ተመራማሪዎች በየአካባቢው እየዞሩ፣ በሽታው ሌላውን ሲያረግፍ ፍሬያቸውን ይዘው የቆሙትን እናት ዛፎች እየመረጡ በጅማ የምርምር ጣቢያ ፈተኑ። ዛሬ በስፋት የሚታወቁት 74110 እና 74112 በዚህ መንገድ ከመቱ አካባቢ በ1974 የተመረጡ ናቸው። የቁጥራቸው መነሻ የሆነው 74 ዓመቱን ያመለክታል።

ልዩ ልዩ የሆነው የጫካው ቡና ቢጠፋ ኖሮ ይህ ምርጫ አይኖርም ነበር። ነገ ለሙቀትና ለድርቅ የሚሆነውን ዛፍ የምንፈልገውም ከዚያው ነው። የቡና ዘር እንደ ስንዴና እንደ ገብስ በቀዝቃዛ መጋዘን ለረጅም ዘመን አይቀመጥም። በመሆኑም በጅማ አቅራቢያ በጮጬ ከ5 ሺህ በላይ ናሙናዎች በቁማቸው ተተክለው ይጠበቃሉ። ሆኖም በእርሻ ላይ የቆመ ስብስብ ራሱን ከአየሩ ጋር እያላመደ የሚኖረውን ደን አይተካም። የከፋና የያዩ ደኖች በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ የገቡትም የጫካው ቡና ከነቤቱ እንዲቆይ ነው።

ማኅበራት ሊያደርጉ የሚገባቸው

1ኛ. የጥላ ዛፍን መጠበቅ። ጥላ በቀኑ ሞቃት ሰዓት የቡናውን አካባቢ ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሊቀንስ ይችላል። ሆኖም ጥላ ሲበዛ ምርት ይቀንሳልና ሽፋኑ ከግማሽ እንዳይበልጥ ቅርንጫፉን መመልመል እንጂ ዛፉን መጣል አይገባም። ሰሳ፣ ዋንዛ፣ ብርብራና ብሳና የተመሰከረላቸው ናቸው። ባሕር ዛፍ ግን ውኃ ስለሚሻማ ከቡና መካከል አይተከልም።

2ኛ. ጥላ መቁረጥ የሚያስከትለውን ሁሉ ማስረዳት። ጥላው የተነሣለት ቡና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ማፍራቱ እውነት ነው፤ ገበሬውም ይህን በዓይኑ ያየ ስለሆነ መካድ አይገባም። ነገር ግን ማዳበሪያና ውኃ ካልተጨመረለት ከአቅሙ በላይ አፍርቶ በማግሥቱ ዓመት ቅርንጫፉ ይደርቃል። ከጥላው ሥር የሚገኘው ማር፣ ኮረሪማና ጥምዝም አብሮ ይጠፋል። ልዩነቱን ለማሳየት ሁለት ቴርሞሜትሮች፣ አንዱን በጥላ ሥር ባለ ቡና ውስጥ፣ ሌላውን ጥላ በሌለው ቡና ውስጥ፣ ሁለቱንም ፀሐይ እንዳያገኛቸው ከልሎ ሰቅሎ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ገበሬዎቹ ራሳቸው እንዲያነቡ ማድረግ ይጠቅማል።

3ኛ. ቃርሚያን መሰብሰብ። ጥንዚዛው ከለቀማ ወደ ለቀማ የሚሻገረው በዛፍ ላይ በቀረና በመሬት ላይ በወደቀ ፍሬ ውስጥ ተደብቆ ነው። ለቀማው እንዳለቀ የቀረውን ሁሉ ሰብስቦ በፈላ ውኃ መንከር ወይም በጥልቅ ጕድጓድ መቅበር ያስፈልጋል። አንዱ አባል ሠርቶ ጎረቤቱ ቢተወው ስለማይጠቅም ሥራው በማኅበር ደረጃ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢፈጸም ይመረጣል።

4ኛ. ጉዝጓዝና ብስባሽ ማልበስ። ዝናቡ ከመቆሙ በፊት የቡናውን ሥር በሣርና በቅጠል ማልበስ እርጥበት ይይዛል፣ የአፈሩንም ሙቀት ይቀንሳል።

5ኛ. ዝርያን ማሰባጠር። አንድ ዓይነት ዝርያ ብቻ በሰፊው መትከል በአንድ በሽታ ወይም በአንድ ክፉ ዓመት ሁሉን ማጣት ነው። የችግኝ ጣቢያዎች ለአካባቢው የተመከሩ በርካታ ዝርያዎችን ማፍላት ይገባቸዋል። ከጫካ ቡናው ጎን የውጭ ዝርያ እንዳይተከል መጠንቀቅም ያስፈልጋል።

6ኛ. ወደ ላይ ሲተከል ደን አለመመንጠር። በከፍተኛ ቦታ ቡና ለመጀመር ቀድሞ በተራቆተ መሬት ላይ አስቀድሞ ጥላ ተክሎ፣ ከዚያም ሲ.ቢ.ዲ.ን የሚቋቋም ዝርያ መትከል ነው። በታችኛውና በላይኛው ደን መካከል፣ በተለይም በወንዝና በጅረት ዳር፣ የቀሩትን ዛፎች ሳይነኩ ማቆየት ለዘሩ መንገድ ይሆናል።

7ኛ. መዝገብ መያዝ። የልማት ሠራተኛው በየዓመቱ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለበትን ቀን፣ ቡናው ያበበበትን ቀንና ጥንዚዛው የተገኘበትን ከፍተኛ ቦታ ይመዝግብ። ጥንዚዛውን ለማወቅ ከ10 ዛፎች 10፣ 10 ፍሬ ወስዶ በእምብርታቸው ላይ ቀዳዳ ያለባቸውን መቁጠር ይበቃል። በየዓመቱ በአንድ ወቅት ከተሠራ የለውጡን አካሄድ ያሳያል።

ማጠቃለያ

ዛሬ የሚተከል ችግኝ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ማፍራት ይጀምርና ከ20 እስከ 30 ዓመት ሲያፈራ ይኖራል። ስለዚህ ገበሬው የሚተክለው ለዛሬው አየር ብቻ ሳይሆን ልጁ ለሚያገኘው አየር ጭምር ነው። በ2017 የታተመ ጥናት እንደሚለው ምንም ካልተደረገ በዚህ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ አሁን ቡና ከሚያበቅለው የአገራችን መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል። ይኸው ጥናት ቡና ወደ አዳዲስ ቦታዎች ቢዛወር፣ ደን ቢጠበቅና ቢለማ ተስማሚው ቦታ ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችል ያመለክታል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሥራ ልዩነት ነው። የአየሩን ሙቀት አንድ ማኅበር ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። የጥላውን ዛፍ ማቆም፣ ቃርሚያውን መልቀምና የጫካውን ቡና ከነዘሩ ማቆየት ግን በእያንዳንዱ ማኅበር እጅ ያለ ነገር ነው። አባላት በሚቀጥለው ስብሰባ የየእርሻቸውን ጥላ ዛፍ ቆጥረው ቢመጡ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።