በቤት የሚሠራ የልብስ መስቀያ፦ ከቅርጹ በፊት የእንጨቱ ድርቀት

በክረምት ማምሻ ከመስክ የተመለሰ ሰው ዝናብ የጠጣ ጋቢውን የሚያኖርበት ይፈልጋል። በብዙ ቤት መስቀያው ግድግዳ ላይ የተመታ ሚስማር ነው፤ ሚስማሩ ሲዝግ ነጭ ልብስ ላይ በቀላሉ የማይለቅ ምልክት ይተዋል። መጋዝ፣ መሮ፣ መዶሻና መሰርሰሪያ ያለው ሰው በምትኩ ቅርጽ ያለው የእንጨት መስቀያ በቤቱ ሊሠራ ይችላል። ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚጨነቁት ለቅርጹ ነው፤ ሥራውን የሚያበላሸው ግን በአብዛኛው የእንጨቱ እርጥበት ነው።

እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ ይጠባል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። በልማድ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ጣውላ አየር በሚገባው ጥላ ሥር አንድ ዓመት ያህል ይታሰብለታል። መድረቁን ለማወቅ በየሳምንቱ መመዘን ይበቃል፤ ክብደቱ መቀነሱን ካቆመ ደርሷል። ይህን ሁሉ መጠበቅ ለማይሻ ሰው ከአሮጌ በር ወይም ከተሰበረ አልጋ የተረፈ ጣውላ ከሁሉ ይሻላል። ዋንዛ ለመሮ የተመቸ ቢሆንም ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ በሕግ ያስጠይቃል። በማሳ ዳር የሚተከለው ግራቪሊያ ጥሩ ምትክ ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ለዚህ ሥራ አይመከርም።

ለአንድ ቤተሰብ 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 12 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጣውላ አምስት ኩላብ ይይዛል። ከሁለቱም ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ትቶ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ መብሳት ነው። ልብሱ እንዳያንሸራትት ቀዳዳው ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ያቀና። ለኩላቡ ጠንካራው ወይራ ተመራጭ ነው፤ ጫፉ ጋቢ እንዳይስብ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይድቦልቦል። ኩላቦቹን ከመግጠም በፊት ለጥቂት ቀን ከምድጃ አጠገብ ማቆየት ብልህነት ነው። በጣም ደርቀው የገቡ ኩላቦች ኋላ ከአየሩ እርጥበት ሲወስዱ ያብጡና ቀዳዳውን አጥብቀው ይይዛሉ። ከጀርባ በኩል የሚመታው ሽብልቅ የጣውላውን ክር አቋርጦ ይግባ፤ ከክሩ ጋር ከሄደ ጣውላውን ይፈልጠዋል።

ቅርጹ የሚወጣው ቀዳዳዎቹ ከተበሱ በኋላ፣ ኩላቦቹ ከመግባታቸው በፊት ነው። የብራና መጻሕፍት ሐረግ ያማረ ቢሆንም ለመጀመሪያ እጅ ይከብዳል፤ በቀሚስ ጥለት ላይ ያሉት ቀጥታ መስመሮችና ማዕዘኖች ይቀልላሉ። ንድፉን በእርሳስ ስሎ፣ ጠርዙን በስለታም ቢላዋ አስቀድሞ መቁረጥ እንጨቱ ከመስመሩ አልፎ እንዳይላጥ ይከለክላል። ሦስት ሚሊ ሜትር ጥልቀት በቂ ነው። ጣውላው በጠረጴዛ ላይ በደንብ ይታሰር፤ የሚደግፈው እጅ ሁልጊዜ ከመሮው ስለት በስተኋላ ይሁን።

ለማስዋብ የቀለጠ ሰም ወይም የተልባ ዘይት በስሱ መቀባት ይቻላል። ዘይቱ ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል፤ በነጭ ጨርቅ ሲታሽ ምንም የማይለቅ ከሆነ ልብስ ይሰቀልበታል። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ።

የመጨረሻው ሥራ ግድግዳው ላይ ነው። በጭቃ ቤት ምርጊቱ ብቻውን ሚስማር አይዝም። ግድግዳውን በጣት እያንኳኩ፣ ድምፁ የሚደፈንበትን ቋሚ እንጨት ፈልጎ በ10 ሳንቲ ሜትር ሚስማር እዚያው ላይ መምታት ያስፈልጋል፤ ጣውላው እንዳይሰነጠቅ የሚስማሩ ቦታ አስቀድሞ ይበሳ። በብሎኬት ቤት ደግሞ ፊሸር አስገብቶ በብሎን ማጥበቅ ይሻላል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ኩላቦቹ ከልጆቹ ዓይን ትይዩ እንዳይሆኑ ከፍታው ይታሰብበት።