የእንቅርት ነቀርሳ ሲመለስ የሚታዩ ምልክቶች

የታይሮይድ ዕጢው በነቀርሳ ምክንያት በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ቁስሉ ስለ ዳነ ብቻ ሊዘናጋ አይገባውም። በሽታው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ አልፎ አልፎም ከ20 ዓመት በኋላ ይመለሳል፤ አዘውትሮ የሚታየውም በዚያው በአንገት ንፍፊቶች ላይ ነው። ስለዚህ በጠባሳው አጠገብ ጠጣር እብጠት ቢዳሰስ፣ ድምፅ ያለ ጉንፋን ቢጐረንንና ቢሰነብት፣ መዋጥ ቢያስቸግር ወይም ትንፋሽ ቢያጥር ሳይዘገዩ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። እብጠቱ አለማመሙ ብዙዎችን ያታልላል።

ይህ ነቀርሳ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። በሐርጌሳ ደግሞ ሴቶች አንገታቸውን በሻሽ ስለሚሸፍኑ እብጠቱ ከቤተ ሰብ ዐይን ይሰወራል፤ እንግዲህ በመስተዋት ፊት በገዛ እጅ መዳሰስ ይበጃል። ዕጢው ፈጽሞ የወጣለት ሰው በደሙ ውስጥ ታይሮግሎቡሊን የተባለው ንጥረ ነገር እየጨመረ ከሄደ፣ ይህ ከማናቸውም ምልክት አስቀድሞ ሊያስጠነቅቅ ይችላል። ወደ ሌላ አገር ሄዶ የታከመም የሕክምናውን ወረቀት ይዞ ይመለስ፤ ያለዚያ የሐርጌሳው ሐኪም የአሁኑን ውጤት ከቀድሞው ጋር ሊያነጻጽር አይችልም።