ግልገል የሚነጥቅ ቀበሮና የጠመንጃ ምርጫ

በደጋው የአገራችን ክፍል በግ የሚያረባ ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በጎች በሚወልዱበት ወራት ቀበሮ ከመንደር አይርቅም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅና ጎሕ ሲቀድ በአጥር ሥር እየተሽሎከለከ ያገኘውን ግልገል ወይም ዶሮ ነጥቆ ይሰወራል። በዚህ የተነሣ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች የሚቀርበው አቤቱታ ቀላል አይደለም።

ይህ ዘጋቢ በቅርቡ ስለ በግ እርባታ ለመጠየቅ ወደ አንድ የደጋ ቀበሌ ሄዶ ሳለ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ስለ በጉ ሳይሆን ስለ ጠመንጃ መነጋገርን መርጠዋል። «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ ለቀበሮ የሚሻለው የቱ ነው? ምንሽር ነው ክላሽ? ሰዉ እሑድ ተሰብስቦ ሊወስን ነው» አሉኝ። መልሴንም ሳይጠብቁ ወደ አንድ ጎጆ አስገብተው ምሰሶውን አሳዩኝ። ከመደቡ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ጥይት ተሰክቶበታል። ጎረቤትየው ሌሊት ከደጁ ቆሞ ወደ ቀበሮ ተኩሶ ኖሮ፣ ጥይቱ የጭቃውን ግድግዳ በስቶ ነው እዚያ የደረሰው። መደቡ ላይ ሦስት ሕፃናት ተኝተው ነበር። ቀበሮው አልተመታም።

ስለሆነም ጠመንጃ ከመምረጥ በፊት የሚቀድመው ጥያቄ «ጥይቱ የት ያርፋል?» የሚለው ነው። ተራው ቀበሮ ክብደቱ ከ15 ኪሎ ግራም ብዙም የማይበልጥ ትንሽ አውሬ ነው። በገበሬው እጅ የሚገኙት ጠመንጃዎች ግን አብዛኞቹ ለጦርነት የተሠሩ ናቸው። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ ከ700 ሜትር በላይ ይበራል፤ ቀና ተደርጎ ከተተኮሰም ከ2 ኪሎ ሜትር አልፎ ሊወድቅ ይችላል። የምንሽር ጥይት ከዚያም ይርቃል። እርሳሱ በጠንካራ ብረት የተለበጠ በመሆኑ የቀበሮ ገላ አያቆመውም፤ በስቶት ያልፋል። ድንጋይ ካገኘ ደግሞ ወዳልታሰበበት ይነጥራል፤ ደጋችን ድንጋይ የሞላበት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

በቤት አካባቢ ለሚደረግ መከላከል ከሁሉ የሚሻለው፣ በአንድ ጥይት ብዙ ፍሬ እርሳስ የሚበትነው የአደን ጠመንጃ ነው። ይህ መሣሪያ በአግባቡ የሚሠራው እስከ 35 ወይም 40 ሜትር ድረስ ሲሆን፣ ቀበሮም ከበረት አጠገብ የሚታየው በዚሁ ርቀት ነው። ፍሬዎቹ ቶሎ ስለሚደክሙ እንደ ጦር ጠመንጃ ጥይት ማዶ ያለ መንደር አይደርሱም። ይሁን እንጂ በ100 ሜትር ያለን ሰው አይጎዱም ማለት አይደለም። ለወፍ የሚሆነው ደቃቅ ፍሬ ቀበሮውን አቁስሎ ስለሚለቅ ከዚያ ጎላ ያለው ይመረጣል። እንዲህ ያለው ጠመንጃ በገጠር እንደ ልብ የማይገኝ መሆኑን አንዘነጋም።

ያለው ምንሽር ወይም ክላሽ ብቻ ከሆነ፣ ተኳሹ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ወደ ታች፣ ጥይቱ አፈር ውስጥ በሚቀበርበት አቅጣጫ ብቻ ይተኩስ። በክላሽ ተከታታይ ተኩስ ፈጽሞ አይገባም። ከጉብታ ጫፍ ላይ ቆሞ ከበስተኋላው ሰማይ ብቻ በሚታይ አውሬ ላይ መተኮስም እንዲሁ። በባትሪ ብርሃን ዓይን ስላበራ ብቻ ቃታ አይሳብም፤ የውሻም የጥጃም ዓይን ያበራል። የመሣሪያው ባለቤት በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያለው ሊሆን ይገባል። የዱር እንስሳትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 541/1999ም ስላለ፣ አንድ ማኅበር በገዛ ሥልጣኑ የአደን ዘመቻ ከመጥራቱ በፊት ጉዳዩን ለወረዳው ባለሙያ ማሳወቅ አለበት።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ቀይ ቀበሮን እንደ ተራ ቀበሮ ቆጥሮ መግደል ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም፤ የቀረው ቁጥርም 500 ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከዚህ ግማሽ ያህሉ በባሌ ተራሮች ይኖራል። በሰሜን ተራሮችና በመንዝ ጓሳም አለ። ሁለቱን መለየት አያስቸግርም። ቀዩ እግረ ረጅም ነው፤ ጉሮሮውና ሆዱ ነጭ፣ ጅራቱ ከሥሩ ነጭ ሆኖ ጫፉ ጥቁር ነው፤ በቀን በሜዳ ላይ አይጥና ፍልፈል ሲያድን ይታያል። ተራው ቀበሮ ደግሞ አመድማ ቢጫ ሆኖ ጀርባው ጥቁር ጠጉር የተቀላቀለበት ነው። ቀዩ አልፎ አልፎ ግልገል ሊነካ ቢችልም ኑሮው አይጠመጎጥ ነው፤ እርሱን መግደል በሕግ የተከለከለ ነው።

ሊቀመንበሩ «በዚህ ዓመት ብዙ ግልገል ተበላብን» ሲሉኝ «ቀበሮ መብላቱ በምን ታወቀ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥያቄው ጅል ቢመስልም መልስ አለው። የተገኘው ሬሳ ቆዳ ይገፈፍ። በጥርሱ ምልክት ዙሪያ ከቆዳው ሥር ደም ከተቋጠረ፣ ግልገሉ በሕይወት ሳለ ተነክሷል ማለት ነው። ደም ከሌለ ግን ግልገሉ በብርድ ወይም በበሽታ ሞቶ አውሬ ያገኘው ነው፤ የዚህ መድኃኒቱ ጠመንጃ ሳይሆን ለእናቲቱ መኖ መጨመርና የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው። አጥንት ሳይቀር ተሰባብሮ ከተበላ ጅብ ነው፤ የጅብ ኩስ ሲደርቅ ነጭ መሆኑም ይረዳል። ብዙ በግ ተነክሶ ሳይበላ ከተጣለ ግን የመንደሩን ውሻ መጠርጠር ይገባል። የጎረቤትን ውሻ መጥራት እንደሚያጣላ ይህ ዘጋቢ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም።

የጅብን ነገር ካነሣን፣ በትግራይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ጅቦች በዓቢይ ጾም የእርድ ትራፊ ሲያጡ አህያ ወደ መብላት እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። በጾሙ ወራት አህያን ደጅ ማሳደር አይገባም።

ጠመንጃ ብቻውን የት እንደሚያደርስ ለማየት የሰሜን አሜሪካን ገበሬዎች መመልከት ይበቃል። በዚያ አገር የእኛን ቀበሮ የሚመስል ኮዮት የሚባል አውሬ አለ። መንግሥትም ገበሬም ከመቶ ዓመት በላይ በጥይት፣ በወጥመድና በመርዝ ሲገድሉት ኖረዋል። አውሬው ግን ቀድሞ ከነበረበት ምዕራባዊ ሜዳ ወጥቶ እስከ ምሥራቁ ጠረፍ፣ በደቡብም እስከ ፓናማ ተስፋፍቷል። አንዱ ሲገደል ቦታውን ሌላ ይይዘዋል። መርዝ ደግሞ ጥንብ አንሣውንና የቤት ውሻውን ጨምሮ ይፈጃል።

አንድ አደገኛ ሁኔታ ግን አለ። በቀን ብርሃን ሰውን የማይፈራ፣ የሚንገዳገድ ወይም ለሐጩ የሚዝረበረብ ቀበሮ ቢታይ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ሊሆን ስለሚችል ልጆችና ከብቶች ይሸሹ። የግድ ከተገደለ ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ስለሆነ ጭንቅላቱ አይመታ፤ ሬሳውንም በባዶ እጅ መንካት አይገባም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ውሻን ማስከተብ ሰውንም ቀይ ቀበሮውንም ያድናል፤ በባሌ ይኸው በሽታ ከውሾች እየተላለፈ ብዙ ቀይ ቀበሮ ፈጅቷል።

ከሊቀመንበሩ ጋር የበጎቹን በረት ዞረን አየን። ድንጋዩ በደንብ የተካበ ቢሆንም ጣሪያ የለውም፤ ከመዝጊያው ሥርም አፈሩ ተጭሮ ጎድጉዷል። ወላድ በጎችም ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅለው ያድራሉ። ከመዝጊያው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ እንዲነጠፍ፣ በካቡ ላይ እሾህ እንዲደረደር፣ የወለደች በግ ከነግልገሏ ለጥቂት ሳምንት ቤት እንድታድርና የሞተ ከብት ከመንደር ርቆ በጥልቅ እንዲቀበር ተነጋገርን። ሊቀመንበሩ ተንበርክከው ክንዳቸውን በመዝጊያው ሥር እስከ ብብታቸው አስገቡ። «ለካ በሩን ከፍተን ነው የምናድረው» አሉ። እሑድ ስብሰባው ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያው በረቱ ደጃፍ እንዲሆን ቀጥረው ተለያየን።